ሦስት በሽታ በአንድ ራስ

ሰኞ 4

ሐኪሞቻችን ለአስታማሚ ሁሉ የሚሉትን ዛሬ ለራሴ አልኩት፦ «ደብተር ያዙ። ያያችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ጽፋችሁ አምጡ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኤምአርአይ ክፍል ስሠራ ይህን ምክር በየቀኑ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን የእኔን ቤት በር ያንኳኳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባለፈው ረቡዕ ጡቴ ላይ የወጣችውን እብጠት አስወጣሁ። (ውጤቱ ደህና ነው። የምጽፈው ስለ እሱ አይደለም።) ባሌ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደኝ ተነጋግረን ነበር። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ስልኩ ዝግ ነው። ነርሷ «ሰው የለዎትም እንዴ?» ስትለኝ «መንገድ ተዘጋግቶበት ነው» አልኳት። አንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። እሱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፤ ጸጉሩን ዝናብ መቶታል። ተቀምጦ እራቱን በላ።

«ምነው ቀረህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከየት?»

«ከክሊኒክ።»

«እ… ረሳሁት።» ከዚያ ጨው አቀብዪኝ አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ልጃችንን የወለድኩ ለት የጫማው ድምፅ እንዳይረብሸኝ ብሎ በካልሲ ኮሪደሩን ሲመላለስ ያደረ ሰው ነው። ሰው እንዲህ አይለወጥም። የሚለወጠው አንጎል ነው።

ረቡዕ 6

እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት። ልጄም ነበረች። «ሐኪም ብታይ ምን ይመስልሃል? ለአንጎል» አልኩት፣ በተቻለኝ መጠን አለዝቤ። መጀመሪያ ተቆጣ። «አበደ ልትይኝ ነው?» አለ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና «ለመሆኑ ምን ምን ያደርጋቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ሥራዬ ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ! ደስ ብሎኝ አስረዳሁት። የመርሳት በሽታ እያልን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚጀምርበት የየራሱ ሰፈር አለው። አልዛይመር ከሆነ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችው የትዝታ ቋት፣ ሂፖካምፐስ የምንላት፣ ቀድማ ትሟሽሻለች። ምስሉ ላይ እንደ ዘቢብ ኩምትር ብላ ትታያለች። ሰውየው ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል፤ ዕቃ ያለ ቦታው ያስቀምጣል። እሱ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠኝ። ልጄ ምግቧን ሳትጨርስ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ቅዳሜ 9

ዕለቱ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። 2፡10፣ 2፡40፣ 5፡00። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ፣ እንቁላሎቹ አጠገብ አገኘሁት።

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፊልም ላይ ያለው ነው።»

«በአባትሽ ሕመም ትስቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ልጅ አይደለችም። ፊቷ ተለዋወጠ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ማክሰኞና ዓርብ መስክ እንደሚወጣ ግን አይረሳም። መሬት ቀያሽ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበት ስለሆነ እግሩ በልማድ ይወስደው ይሆናል። ልማድ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

ማክሰኞ 12

የራጅ ሐኪማችንን በምሳ ሰዓት አማከርኳቸው። ሠራተኛው ሁሉ ከኋላቸው «ዶክተር ምናልባት» ነው የሚላቸው፤ ያለዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር አይዘጉም። ሁለት እግሩ የተቆረጠ ሰው ቢያዩ እንኳ «ምናልባት እግር የለውም» ብለው ይጽፋሉ እያልን እንስቅባቸዋለን። የእሳቸውን ያህል አንጎል ማንበብ የሚችል ሰው ግን አላየሁም።

«ሥራው ላይ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ቁጥር አይስትም። መንገድም አይጠፋውም።»

«እንዲያ ከሆነ አልዛይመር አይመስልም፣ ምናልባት። ከመርሳቱ ይልቅ ጠባዩ ከሆነ የተለወጠው እኔን የሚያሳስበኝ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ነው።»

ልቤም ይህንኑ ሲለኝ ነበር። ስንቱን አስተኝቼ አንስቻለሁ! ሰው አፍቃሪ የነበረው ይቀዘቅዛል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከውስጡ ይወጣል። የሚወዱት ሲያለቅሱ ቆሞ ያያል። ጣፋጭ ነገር ካገኘ ልክ የለውም። ቤት ገብቼ ቃል በቃል ነገርኩት። «አየህ፣ ዋናው መርሳቱ ላይሆን ይችላል» አልኩት።

«አሃ» አለ።

ሆዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው። ክፋት አይደለም፣ በሽታ ነው ማለት እኮ ነው። ሰው በባሉ በሽታ ሆዱ ይቀልለዋል? ነውር ነው። ግን ማንም አያነበውም።

ሐሙስ 14

ችኮላ ላይ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰው ተራ ይጠብቃል። ተራ አስያዦቹ ከመጋረጃው ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ። «ኧረ ጤነኛ ነው የሚመስለው! ባለፈው ዓርብ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ አየሁት፣ አብራው…» ስገባ ዝም አሉ። አንዷ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። አዝነውልኝ ነው።

ቅዳሜ 16

መርሳቱ ቆሟል። ከማክሰኞ ወዲህ አንድም የጻፍኩት የለም። በምትኩ፦ ስኳር ከዕቃው ላይ በማንኪያ እየዛቀ ይበላል። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ኩሽና ስገባ ነው።

አማቴ ቤት ሄድን። እሳቸው ስለ ጉልበታቸው ሕመም እየነገሩን እንባቸው መጣ። እሱ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሴትዮዋ ክው አሉ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «እማማ፣ እሱ እንዳይመስልዎት፤ ሕመሙ ነው» አልኳቸው። እጄን አጥብቀው ያዙ። «አንቺ ባትኖሪለት ልጄን ምን ይውጠው ነበር!» አሉኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ እጁን ያዝኩት። አልነጠቀኝም። እጅ ለእጅ ከተያያዝን ስንት ጊዜያችን!

እኔም ተለውጫለሁ። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ጠዋት እንቁላሉን እሱ እንደሚወደው አድርጌ እጠብስለታለሁ። ሸሚዙን እተኩሳለሁ። ሲያመሽ የት ነበርክ አልልም። በሽተኛ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅማ።

ሐሙስ 21

ዛሬ ባሌ ኤምአርአይ ተነሣ።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልጻፍ። የዛሬው ተራ የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ሁለት ወር ሙሉ ጠብቃለች። እነሱን ወደ ቀጣዩ ወር 12 ገፋኋቸውና በቦታው ባሌን አስገባሁ። ለሴትዮዋ ደውዬ «ማሽኑ ይጠገናል» አልኳት። «እሺ እህቴ፣ ምን ይደረጋል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከማስገባቴ በፊት ኪሱን አራገፍን፤ ማግኔቱ ብረት አይወድም። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ የቤታችን ቁልፍ። ሌላ አንድ ቁልፍ፣ በቀይ ክር የታሰረ።

«ይሄ የምን ነው?»

«የመሥሪያ ቤት መጋዘን።»

ሁሉንም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩለት። አስተኛሁት፣ ጆሮውን ደፈንኩለት፣ እንደ ቅርጫት ያለውን የራስ መያዣ ፊቱ ላይ ከደንኩ። የጎማዋን ኳስ እጁ ላይ አስያዝኩትና «ከጨነቀህ ጨመቅ አድርጋት» አልኩት። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። መስታወቱ ጀርባ ስቀመጥ የሚታየኝ ባዶ እግሩ ብቻ ነው። ማሽኑ መንኳኳት ሲጀምር ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አልጽፍም።

ምስሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ማንበብ የሐኪሙ ሥራ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም፤ ዓይን ግን አይታሰርም። የትዝታ ቋቶቹ ግራና ቀኝ ሞላ ብለው ተቀምጠዋል። የግንባሩ ክፍል እጥፋቶች ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ በመሃላቸው ክፍተት የለም። የደም ሥር ጉዳት የሚያሳዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች ሁለት ብቻ። በዚህ ዕድሜ እሱንማ እኔም ራስ ውስጥ አይጠፋም።

ተንቀሳቅሶ ይሆናል። ምስሉ ጥራት ይጎድለዋል።

(አልተንቀሳቀሰም።)

ሰኞ 25

ዶክተር ምናልባት ምስሉን ደጋግመው አዩት። «የሚያስደነግጥ ነገር የለውም» አሉ። ፊቴን አዩና ቀጠሉ፦ «ምናልባት ገና ይሆናል። ይሄ የግንባሩ ዓይነት ሲጀምር ከኤምአርአይ ሊደበቅ ይችላል፤ ቅርጹ ሳይጎድል ሥራው ይደክማል። ፔት የሚባለውን ምስል ይነሣ። እሱ አንጎሉ ስኳሩን የት የት እንደሚጠቀም ያሳየናል፤ የደከመው ሰፈር ጨለም ብሎ ይወጣል።»

ገና ነው ማለት ነው። ገና!

ልወጣ ስል «የሌለ ነገር ይታየዋል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሊዊ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ድመት ያያሉ፣ ልጅ ያያሉ። ከኋላ፣ ዓይን የሚያየውን የሚተረጉመው ክፍል ነው የሚደክመው።» አላውቅም አልኳቸው። ቤት ስገባ እሱኑ ጠየቅኩት። «የሌለ ነገር ታይቶህ ያውቃል? ድመት፣ ሰው… እውነቱን ንገረኝ፣ አታፍር።»

«እስካሁን አላየሁም» አለ።

ዓርብ 29

ቁም ሳጥኑ ላይ ድመት አየሁ አለኝ። ግራጫ ናት አለ።

ሦስት በሽታ በአንድ ራስ! በመርሳት ጀመረ፣ ወደ ጠባይ ዞረ፣ አሁን ደግሞ ድመት። ለዶክተር ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ስለ ድመት አንስተሽበት ነበር?»

«ጠይቄው ነበር።»

«እህ» አሉ። ምናልባት እንኳ አላሉም። እሳቸውም አርጅተዋል።

ሰኞ 2

የነርቭ ሐኪሟ ፈተነችው። አምስት ቃል ነግራው ቆይታ መልስ ስትለው ሁለቱን አጠፋ፤ ፈተና መሆኑን እንዳያውቅ ሌላ ጨዋታ ውስጥ አስገብታ ስትጠይቀው ግን አምስቱንም ተናገራቸው። ሰዓት ሣል ስትለው ማዕዘኑን ሳይስት ሣለ። እጁን አጠፈች ዘረጋች፣ አስሄደችው። «ጥሩ» አለች። ጥሩ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ፔት ሐሙስ ነው።

ሐሙስ 5

ፔት ያለው ትልቁ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት። በባዶ ሆዱ ነው መሄድ ያለበት፤ ስለዚህ እኔም ሳልበላ ሄድኩ።

መንገድ ላይ በመስኮቱ እያየ «ምንም የለበትም ቢሉስ?» አለኝ።

«ተመስገን እንላለን።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ?»

መናኸሪያው ደርሰን ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ። «ይቅርብን። እንመለስ። በሽታውን ተቀብለን ዝም ብለን እንኑር» አለ። አንጀቴን በላው። ውጤት የሚፈራ ሰው እንዲህ ነው፤ ስንቱን ከኮሪደር መልሻለሁ። እንደ ልጅ እጁን ይዤ አስገባሁት።

መድኃኒቱን ከወጉት በኋላ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሳይናገር፣ ሳያነብ፣ ስልክ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፤ ነርሱ መልሶ አስቀመጠው። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ። «ጣቢያ 3» ይላል። የመስክ ጓደኞቹ መስለውኝ አነሳሁት።

«ነገርካት?» አለች፣ የሴት ድምፅ።

«ሃሎ» ስል ተዘጋ።

የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል።

ስንመለስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ትከሻዬን አላነቃነቅኩም።

ሰኞ 9

ዶክተር ምናልባት ወደ ማንበቢያ ክፍላቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉ። በሩን ዘግተው አያውቁም።

ስክሪኑ ላይ የባሌ አንጎል በቢጫና በቀይ ተስሎ ነበር። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ እኩል በርቷል። በብዕራቸው ጫፍ እየጠቆሙ አሳዩኝ። «አልዛይመር ቢሆን እዚህ ጎኑና ከኋላ ከፍ ብሎ ያለው በጨለመ። ሊዊ ቢሆን ይሄ ከኋላ ያለው። የግንባሩ ቢሆን ይሄ ፊተኛው። የትም አልጨለመም።»

«ምናልባት ገና…» አልኩ። የገዛ ቃላቸውን ነጠቅኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «ምስል ብቻውን አይፈርድም፤ እሱን አንቺም ታውቂያለሽ። ኤምአርአዩም፣ ፔቱም፣ የነርቭ ሐኪሟም ግን አንድ ነገር ነው የሚሉት። እዚህ ራስ ውስጥ የመርሳት በሽታ የለም።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ምልክት እንዲህ ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ሲዘል አላየሁም። ያን የምትጽፊበትን ደብተር እስቲ ገልጠሽ እዪው።»

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ገለጥኩት። 6 ነገርኩት፤ 9 ረሳ። 12 ነገርኩት፤ 16 ስኳር በላ። 25 ጠየቅኩት፤ 29 ድመቷ መጣች። ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

ስወጣ ተራ አስያዦቹ «እንኳን ደስ ያለሽ! ምንም የለበትም አሉ!» ብለው አቀፉኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ማክሰኞ 10

ፈቃድ ወሰድኩ። ጠዋት እሱ ለመስክ ወጣ፤ ማክሰኞ ነው። ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር በሩ ላይ ቆምኩ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

ምኑን አላለችኝም። የጫማዋን ማሰሪያ ይዛ ቀረች። «ከዓመት በፊት» አለች። «ሁለት ጊዜ አብረው አየኋቸው። መሥሪያ ቤታቸው ካርታ የምትነድፈዋ ናት። እኔን አላየኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ያን ለት፣ ከክሊኒክ ብቻሽን የመጣሽ ለት፣ በቃ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ታመመ አልሽ።» አለቀሰች። «እማዬ፣ ደስ ብሎሽ ነበር እኮ። ከታመመ ወዲህ ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽ። በምን አንጀቴ ልንገርሽ?»

ልመታት እጄ ተነሳ። ደግሞ ላቅፋት። አንዱንም ሳላደርግ ወጣሁ። በሽንት ቤቱ መስታወት ራሴን አየሁ። ባሏ ታመመ ሲሏት ያንጎራጎረች ሴት!

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ሁለቱን ምስሎች ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት። አላያቸውም። ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ላይ አልዋሸሁሽም» አለ። «ረሳሁት ነው ያልኩሽ።»

«እውነት ረስተኸኝ ነበር?»

«እሷ ዘንድ ነበርኩ። ሰዓቱን አየሁት። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ረስቼሽ ነበር።»

እግዜር ይይልህ አልኩት በሆዴ። ዋሽቶኝ ቢሆን እመርጥ ነበር።

«በሽታ ያልሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ቀጠለ። «እኔ እምቢ አላልኩም፣ ያ ነው ጥፋቴ።»

«ስኳሩስ? ድመቷስ?»

አንገቱን ደፋ። «ስታስረጂኝ ደስ ይልሽ ነበር። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ እንደ ዕዳ ነበር የምታዪኝ። ከታመምኩ ወዲህ ሸሚዜን ተኮስሽ፣ እጄን ያዝሽ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ… እሷም በየቀኑ ነገርካት ወይ ትለኛለች።»

«እናትህ ፊት ያደረግከውስ? እናትህ ናቸው!»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ያን ሁሉ ማሽን ውስጥ የገባኸው ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ምስል እንደማይዋሽ አታውቅም?»

«ምናልባት አንድ ነገር ያገኙብኝ ይሆናል ብዬ ነዋ» አለ። «ቢያገኙብኝ ሁላችንም በተገላገልን።»

ሁለታችንም አንዱን ጸሎት ነበር የጸለይነው። እኔ መስታወቱ ጀርባ፣ እሱ ማሽኑ ውስጥ።

ከዚያ ለመነኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን ከጣለኝ በኋላ ደግሞ ሊረግጠኝ ዞረ። «ለእማዬ አትንገሪያት» አለኝ። «ታሟል ብላ ተቀብላዋለች። ከቤት ብወጣም በሽታው ነው ያስወጣው ትላለች፣ አትረግመኝም። ላንቺስ ቢሆን? ባሏ ጥሏት ሄደ ከምትባዪ ባሏ ታሞባት ብትባዪ አይሻልሽም?»

ከቤቴ ውጣ ብዬ አልጮህኩም። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም፤ አሰብኩበት። ይሻለኛል ወይ ብዬ አሰብኩበት።

ሐሙስ 12

ሾፌሩ ዛሬ ተነሣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሳስተኛው ጉንጬን ሊነካ እጁን ሰደደ፤ ሚስቱ በሐፍረት መሬት ገባች።

ምስሉ መውጣት ሲጀምር ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ግንባሩ ጀርባ ያለው ክፍል ተሟሽሿል፤ በእጥፋቶቹ መሃል የሚታየው ሁሉ ጥቁር ነው። የጎኑ ጫፎችም እንዲሁ። ኋላው ደህና ነው። ለተማሪ የሚያሳዩት ዓይነት ነው። ሦስት ሳምንት ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ዶክተር ለሚስቱ ነገሯት። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝና ክንዴን ያዘች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ረገምኩት፣ እህቴ። አልጋ ለየሁበት። ለካ እሱ አይደለም!» እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ቀናሁባት። በመድኃኒት በማይድን በሽታ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

«ማሽኑ አልተበላሸም ነበር» አልኳት። «ተራችሁን ለባሌ ሰጥቼው ነው።»

እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። «እሱስ ምን አሉት?»

«ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው የወሰድሽብን?» አለች።

ባሏን በክንዱ ይዛ ደረጃውን ቀስ እያለች ወረደች። ከሰዓት በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ ያደረግኩትን ነገርኩት። በጽሑፍ አምጪው አለኝ። ጻፍኩት።

እሁድ 15

ትናንት ሄደ። አንድ ሻንጣና የሥራ መሣሪያውን ይዞ። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ በሩን አንኳኳ፣ አልከፈተችለትም። ደረጃው ላይ ዞር ብሎ «እማዬን…» አለኝ። ሳልመልስለት በሩን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት አማቴ ቤት ሄድኩ። ምን እንደምል በራቸው ላይ እስክደርስ አላውቅም ነበር። ታሟል ብል ቀላል ነው። እንባዬን ጠርገውልኝ፣ ልጄ እያሉኝ፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ደግ ሚስት ሆኜ እኖር ነበር። በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር፤ በየሳምንቱ አዲስ ምልክት እፈጥርላቸው ነበር። ምልክት መፍጠር ደግሞ ከማንም በላይ እችላለሁ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ገና ሳያዩኝ «ውጤቱ መጣ?» አሉ።

«መጣ፣ እማማ።»

«ከየትኛው ሆነ? ያ የግንባሩ ነው?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ከየትኛውም አይደለም። ልጅዎ ጤነኛ ነው።»

ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እዚያው ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ተመስገን! ተመስገን የኔ ጌታ!» ትከሻዬን ሳሙት፣ እጄን ሳሙት። «አንቺ ነሽ ያዳንሽልኝ! አንቺ ነሽ እየጎተትሽ ሐኪም ያሳየሽልኝ!» ስልካቸውን አነሱና ለታናሽ እህታቸው ደወሉ። «ልጄ ምንም የለበትም አሉ! ራሱ ሙሉ ነው! ፎቶውን አይተውት ነው!» ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደስታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ። «የታለ ታዲያ? ለምን አብሮሽ አልመጣም?»

«ሄዷል፣ እማማ።»

«ወዴት?»

«ሌላ ቤት። ሴት አለችው። ከዓመት በላይ ሆኖታል።»

ስልኩ ውስጥ እህታቸው «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። ዘጉት። ረዥም ጊዜ መስኮቱን አዩ። መንገድ ላይ ሰዎች ይተላለፋሉ፤ እሳቸው ግን አንዱንም ያዩ አይመስለኝም። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ደጋግመው አስተካከሉ።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ ቃሉን እየፈሩት፣ «ያን ሁሉ ያደረገው… እያወቀ ነው?»

«እያወቀ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምነው እውነቱን ታሞ በሆነ» አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙት፤ የወለዱት ልጅ ነው። ዓይናቸው ፈጦ አየኝ፣ ሰማሽኝ ወይ እንደማለት። እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ቀስ ብዬ አወረድኩትና በሁለት እጄ ይዤው ተቀመጥኩ። ቀዝቅዞ ነበር። እስኪሞቅ ድረስ አልለቀቅኩትም።